ስብራቱ ምን ይላል?



  ኮሎራዶ የተራራ አገር ናት። ብዙዎቻችን ከኢትዮጵያ እዚህ ከመጣን በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌታችንን መኪና ላይ አስረን ወደ ዳገቱ መውጣት ለምደናል። ነገር ግን ደህና የተራራ ብስክሌት ርካሽ አይደለም። ፊትና ኋላው ሾክ ያለው፣ ፍሬሙ ካርቦን የሆነ ብስክሌት በብዙ ሺህ ዶላር ነው የሚገዛው። ይህ ገንዘብ በእኛ ቤት ሲተረጎም የሌሊት ፈረቃና የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው።

ታዲያ ይህ ዕቃ አንድ ቀን ቋ ብሎ ሲሰበር ምን ይደረጋል? በጥገና ሥራ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንደኛው «ማን ይሰማኛል? የራሴው ጥፋት ነው» ይልና ስባሪውን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎ፣ ከኪሱ አውጥቶ አዲስ ይገዛል። ሁለተኛው ደረሰኝ ሳይዝ ይመጣና ባንኮኒውን እየደበደበ «ጋራንቲ አለው ተብዬ ነው የገዛሁት!» ይላል። አንዱ መብቱን ሳይጠይቅ ቀረ፤ ሌላው ምን መጠየቅ እንዳለበት ሳያውቅ ጠየቀ። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ዛሬ ማታ ላስረዳችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ዋስትና ስለ ምክንያት የተገባ ውል ነው። አምራቹ «ዕቃው በእኔ አሠራር ጉድለት ከተሰበረ እተካለሁ፤ በአንተ አያያዝ ከተሰበረ አንተው ቻለው» ይላል። መሰበሩን ማንም አይክድም። ክርክሩ በሙሉ ያለው «ለምን ተሰበረ?» በሚለው ላይ ነው። በዚህ ክርክር ደግሞ ከእናንተም ከሻጩም ይልቅ የሚታመነው ምስክር ስባሪው ራሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል። የተራራ ብስክሌት የተወለደው ከስብራት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን ካውንቲ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ የሽዊን ብስክሌቶች እየለቃቀሙ በአቧራማው ቁልቁለት ይለቋቸው ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር ሪፓክ ይባላል። የእነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ስለነበር ቁልቁለቱ ግሪሱን አቃጥሎ ይጨርሰዋል፤ ታች ሲደርሱ ፈታተው በአዲስ ግሪስ ይሞሉታል። ፍሬም ይሰነጠቃል፣ ፎርክ ይጣመማል። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚህ ሥራ ብሎ ያሰበውን ፍሬም ሠራ፤ በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐር የተባለውን የተራራ ብስክሌት በብዛት አምርቶ ለገበያ አቀረበ።

የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች ዕቃው ሲሰበር የሚከሱት ሰው አልነበራቸውም። ያ አሮጌ ብስክሌት ለሰፈር መንገድ የተሠራ መሆኑን ያውቁታል። ኩባንያው ግን ብስክሌቱን «ለተራራ ነው» ብሎ ሲሸጥ አብሮ አንድ ዕዳ ተሸከመ። ድንጋይ ላይ ዝለልበት ብሎ የሸጠውን ዕቃ፣ ገዢው ድንጋይ ላይ ዘሎ ሲሰብረው ማን ይክፈል? እስከ ዛሬ የሚጻፈው የዋስትና ወረቀት በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን እናንብበው። መጀመሪያ ልታውቁት የሚገባው፣ አንድ ብስክሌት አንድ ዋስትና ብቻ እንደሌለው ነው። ፍሬሙ የአንድ ኩባንያ ነው፤ ሾኩ የሌላ፣ ፍሬኑና ማርሹ የሦስተኛ። እንደ ትሬክ፣ ስፔሻላይዝድና ሳንታ ክሩዝ ያሉ ኩባንያዎች ለፍሬም የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፤ የሚሰጡት ግን ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ሳንታ ክሩዝ የፍሬሙን ኩሽኔታዎች ሳይቀር ለመጀመሪያው ባለቤት በነጻ ይተካል። ወደ ዕቃዎቹ ስንመጣ ጊዜው ያጥራል። ሽማኖ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ ኤክስቲአር ለተባለው ከፍተኛ የተራራ ዕቃው ሦስት ዓመት። ስራምና የእሱ የሆነው ሮክሾክስ ሁለት ዓመት ይሰጣሉ። ፎክስ እዚህ አሜሪካ ለሾኮቹ የሚሰጠው አንድ ዓመት ነው። ካቴና፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ ደግሞ በአገልግሎት የሚያልቁ ስለሆኑ ማለቃቸው ብቻ አያስጠይቅም።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ትንሽ ተለጣፊ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ፍሬሙ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር ኤኤስቲኤም ኤፍ2043 ከተባለው ደረጃ የመጣ ነው፤ ብስክሌቱ ለምን ዓይነት መንገድ እንደተሠራ ይናገራል። ቁጥር አንድ ለአስፋልት ነው። ሁለት ለጠጠር መንገድና እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ዝላይ። ሦስት ለሸካራ የተራራ መንገድና እስከ 61 ሴንቲ ሜትር። አራት እስከ 122 ሴንቲ ሜትር። አምስት ከዚያ በላይ ላለው ጽንፈኛ አነዳድ። እንግዲህ ሦስት ቁጥር የተለጠፈበትን ብስክሌት ይዛችሁ ከአንድ ሜትር ተኩል ድንጋይ ላይ ከዘለላችሁ፣ ዝላዩንም ቪዲዮ ቀርጻችሁ ለዓለም ካሳያችሁ፣ ጉዳያችሁን ገና ሳትጀምሩት ተሸንፋችኋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ተለጣፊውም ወረቀት ነው።

ሦስተኛው ጥገና ነው። ሮክሾክስ የፎርኩ የታችኛው ክፍል በየ50 ሰዓት አነዳድ ተከፍቶ ዘይቱ እንዲቀየር ያዛል። ፎክስ በየ125 ሰዓቱ ወይም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ ጥገና ይላል። በሳምንት አራት ሰዓት የሚነዳ ሰው 50 ሰዓቱን በሦስት ወር ይጨርሳል። ዘይቱ ደርቆ፣ አቧራ ገብቶ የተፋቀ የፎርክ ቱቦ ይዛችሁ ስትመጡ የሚመረምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ መቼ እንደተከፈተ ነው። የብሎን ጥብቀትም እንዲሁ ነው። መሪውን የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚፈልጉት፤ ስራም ዱብ የሚለው የፔዳል ክንድ ብሎን ደግሞ 54። አንዱን በሌላው ልክ ያጠበቀ ሰው የካርቦን መሪ ጨፍልቆ ይሰብራል፣ ወይም ክንዱ ላልቶ ይበላል። ቶርክ ሬንች የሚባለውን ቁልፍ መግዛት ከአንድ መሪ ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ምስክሩ እንምጣ። ይህን በእጄ የያዝኩትን እዩት፤ ኋላ እጅ በእጅ ይዞራል። የአሉሚኒየም የፔዳል ክንድ ነው፤ ፔዳሉ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ተቆርጧል። ቁርጡን ወደ ብርሃን አዙሩት። ከአንዱ ጠርዝ ጀምሮ ከግማሽ በላይ ያለው ገጽ ለስላሳና ጠቆር ያለ ነው፤ ሽንኩርት ለሁለት ሲከፈል እንደሚታየው ቅስት በቅስት እየሰፋ ይሄዳል። የቀረው ገጽ ሸካራና ብልጭልጭ ነው። እነዚህ ሁለት ገጾች በአንድ ቀን አልተፈጠሩም። ለስላሳው ክፍል ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ወስዶ የተጓዘበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ርግጫ ጥቂት ጥቂት ገፋው፣ ሁለቱ ፊቶች ተፋተጉ፣ ቆሻሻና እርጥበት ገብቶ አጠቆረው። ብልጭልጩ የመጨረሻዋ ቅጽበት ናት፤ የቀረው ብረት ክብደቱን መሸከም አቅቶት በአንድ ጊዜ የተገነጠለበት።

ይህ ምን ይነግረናል? አንደኛ፣ ክንዱን የሰበረው የመጨረሻው ዝላይ አይደለም፤ ዝላዩ የጨረሰው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቅስቶቹ የሚጀምሩባትን ነጥብ ፈልጉ። መነሻዋ ላይ የድንጋይ ግጭት ጭረት ካለ፣ ወይም ፔዳሉ ላልቶ ጥርሱን ቀጥቅጦት ከሆነ፣ ጣቱ ወደ እናንተ ይጠቁማል። ውጩ ንጹሕ ሆኖ ስንጥቁ ከውስጥ የተነሳ ከሆነ ግን አምራቹ መልስ መስጠት አለበት። ቅስት የሚባል ከሌለና ብረቱ ተጣሞ ሙሉ በሙሉ በብልጭልጭ ገጽ ከተቀደደ፣ በአንድ ከባድ ምት የተሰበረ ነውና ግጭት ነበር ማለት ነው። አሉሚኒየም ከአረብ ብረት የሚለይበት አንድ ጠባይም አለው። አረብ ብረት ከተወሰነ ጭነት በታች ከሆነ ለረጅም ዘመን ይታገሳል፤ አሉሚኒየም ግን ጭነቱ ቀላል ቢሆንም ከተደጋገመ አንድ ቀን ይደክማል። ስለዚህ ብዙ የዋስትና ወረቀቶች በአገልግሎት ብዛት የመጣን ድካም አንሸፍንም ይላሉ። በስድስት ወር የደከመ ክንድና በስምንት ዓመት የደከመ ክንድ ግን አንድ አይደሉም፤ ቀኑን የምታረጋግጡበት ደረሰኝ የሚያስፈልጋችሁም ለዚህ ነው።

ካርቦን ሌላ ነገር ነው። ቅስት አይሠራም፤ ንብርብሩ ከውስጥ ይላቀቅና ላዩ ደህና መስሎ ይቆያል። በሳንቲም ጫፍ እየነካካችሁ ስትሄዱ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ። ይህ ጥርጣሬ የሚያስጀምር ምልክት ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ብስክሌታችሁ ከዚህ በፊት የማታውቁት የሲጥ ሲጥ ድምፅ ካሰማችሁ «ነገ አየዋለሁ» አትበሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ስንጥቅ ሆኖ የተገኘ ዕቃ በጊዜው ከቀረበ ጥያቄው ቀላል ነው፣ ጥርሳችሁም ይተርፋል።

እዚህ ላይ ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ያለውን ሰውም ላስታውሳችሁ። ጠጋኝ ሁሉ በየሳምንቱ የሚሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «እንዲሁ ቀስ ብዬ እየሄድኩ ሳለ ተሰበረ»። ፎርኩ ወደ ኋላ ታጥፏል፣ የፊት ቸርኬው ስምንት ቁጥር ሆኗል፣ የመሪው ጫፍ አፈር ጠቅጥቋል፤ ባለቤቱ ግን ቀስ ብሎ ሲሄድ ነበር። እኛ ይህን ስንሰማ ከሳቅ ጋር እንታገላለን። ውሸቱ የሚጎዳው ዋሺውን ነው። ብዙ ኩባንያዎች በግጭት ለተሰበረ ፍሬም ለመጀመሪያው ባለቤት በቅናሽ ዋጋ የሚሸጡበት አሠራር አላቸው። እውነቱን የተናገረ ሰው ቅናሹን ያገኛል፤ የዋሸው ዋስትናውንም ቅናሹንም ያጣል፣ ከሱ በኋላ ለሚመጣው ሐቀኛም የጥርጣሬ ዓይን ትቶለት ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ዳኝነቱን ለአምራቹ ብቻ ጥለን አንሄድም። ስብራቱን የሚመረምረው እሱ፣ ጥፋተኛውን የሚወስነው እሱ፣ ጥፋተኛ ከሆነ የሚከፍለውም እሱ ነው። ፈራጅም ከፋይም የሆነ ወገን ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ሚዛኑ ወደ ራሱ ያዘነብላል። ሕግ የገባው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ማግኑሰን ሞስ የተባለው የዋስትና ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የጽሑፍ ዋስትና የሰጠ ኩባንያ ግዴታውን ግልጽ በሆነ ቋንቋ እንዲጽፍ ያዛል። «ዋስትናህ የሚጸናው የእኔን ዕቃ ብቻ ከገጠምክ፣ ጥገናውንም እኔ ባልኩህ ቤት ብቻ ካስደረግህ ነው» የሚልን ቅድመ ሁኔታም በመሠረቱ ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩ «ሌላ ቦታ ስላስጠገንከው ዋስትናህ ፈርሷል» ሲላችሁ በዚያ ብቻ አትሸነፉ። ያ ጥገና ስብራቱን እንዳመጣው ያስረዳ። ክርክሩ ከከረረም እዚህ ኮሎራዶ የትንንሽ ክሶች ችሎት እስከ 7,500 ዶላር ያለውን ጉዳይ ያያል፤ የብዙ ብስክሌት ዋጋ ከዚያ በታች ነው።

በአውሮፓ ለምትኖሩ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሸማቹ ከአምራቹ ወረቀት ውጭ በሻጩ ላይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ መሠረት ጉድለቱ በመጀመሪያው ዓመት ከታየ፣ ሲሸጥ ጀምሮ እንደነበረ ይገመታል፤ እንዳልነበረ የማስረዳት ሸክሙ የሻጩ ነው። እዚያ ያለ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከአምራቹ ጋር ሲጻጻፍ ከሚከርም ወደ ሸጠለት ሱቅ ቢሄድ ይሻለዋል። በአገራችንም ጉዳዩ ባዶ ሜዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል። ሕጎቹ ቢለያዩም መንፈሳቸው አንድ ነው። ቶሎ ያየና ቶሎ የተናገረ ይረዳል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጉድለቱ የአንድ ሰው ዕድል መሆኑ ይቀርና የሺዎች ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ትሬክ የፊት ዲስክ ፍሬን ያላቸውን ብስክሌቶች ለእርማት መልሶ ጠራ። ጎማውን የሚያስረው ፈጣን መክፈቻ ዘንግ ከመጠን በላይ ከተከፈተ ዲስኩ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ሊያስቆም ይችል ነበር። ጥሪው በአሜሪካ 900,000 ያህል ብስክሌቶችን ነካ፤ ከደረሱት አደጋዎች በአንዱ ጋላቢው እጅና እግሩ ሽባ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሽማኖ ከ2012 እስከ 2019 ያመረታቸውን፣ በማጣበቂያ የተያያዙ የመንገድ ብስክሌት የፔዳል ክንዶች እንዲመረመሩ ጠራ፤ በአሜሪካ ብቻ ወደ 680,000 የሚሆኑ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያዙ። ዋስትና ገዢውን ይከተላል፤ የደኅንነት ጥሪ ግን ዕቃውን ይከተላል። ብስክሌቱን ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ እጅ ብትገዙትም ጥሪው እናንተንም ይመለከታል። እነዚህ ጥሪዎች የሚወለዱት ግለሰቦች «የኔም ተሰበረ» ብለው ለኩባንያውና ለመንግሥት በማመልከታቸው መሆኑንም አትርሱ። ስባሪውን በዝምታ የጣለ ሰው የሌላውን ማስጠንቀቂያ አብሮ ጥሎታል።

ስለ ሁለተኛ እጅ ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙዎቻችን የተጠቀምንበትን ብስክሌት ለወንድም ወይም ለአጎት ልጅ ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። መልካም ስጦታ ነው። ነገር ግን ስትልኩ የዕድሜ ልክ ዋስትናው አብሮ እንደማይሳፈር ንገሩት። ከመላካችሁ በፊት ፍሬሙን አጥባችሁ መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ እዩ፣ የፍሬሙን ቁጥር ተመልክታችሁ የደኅንነት ጥሪ እንዳለበት አረጋግጡ። ስንጥቅ ያለበት ፍሬም እናንተ ባለቤት ሳላችሁ ሊተካ ይችላል፤ ቦሌ ከወረደ በኋላ ግን የሚተካው የለም።

ጥያቄያችሁ ተቀባይነት ቢያገኝም ወጪ እንዳለ እወቁ። ኩባንያው ፍሬሙን ይልካል፤ የመፍቻውንና የመግጠሚያውን የእጅ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ እናንተ ትከፍላላችሁ። የድሮው ሞዴል ካለቀ ደግሞ አዲሱን ይልካሉ። አሮጌው የኋላ ጎማችሁ ለ142 ሚሊ ሜትር ስፋት የተሠራ ሆኖ አዲሱ ፍሬም 148 ከሆነ አይገጥምም። ነጻ የተባለው ፍሬም አዲስ ቸርኬ ያስገዛችኋል። ስለዚህ «ተፈቀደልህ» የሚለውን ስትሰሙ ወዲያው ከመፈረም በፊት «ከነበረኝ ዕቃ የትኛው ይገጥማል? የማይገጥመውን ማን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ነጥብ ላይ በትሕትና የተደራደረ ሰው ቢያንስ በቅናሽ ዋጋ ሲስተናገድ አይቻለሁ።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ የምትሠሩትን ልንገራችሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዛሬ ማታ የብስክሌታችሁን ደረሰኝ ፈልጉና ፎቶ አንሱት። ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ከፔዳሉ ሥር የተቀረጸውን የፍሬም ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ። ኩባንያው ምዝገባ ካለው ተመዝገቡ። ጥገና ባደረጋችሁ ቁጥር ቀኑን ጻፉ፤ ራሳችሁ ብትሠሩትም ጻፉ። ዕቃ ሲሰበር ደግሞ ወዲያው ቁሙ፤ አትንዱበት። ሁለቱን ስባሪዎች አታጋጥሙ፣ አታጣብቁ፣ በውኃም አታጥቡ፤ ቁርጡ ላይ ያለው ምልክት ይጠፋልና። ቦታውን፣ ሙሉውን ብስክሌት፣ ከዚያም ቁርጡን በቅርብ ፎቶ አንሱ። የሆነውን በአምስት መስመር፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ጻፉ። ከዚያ ወደ ሸጠላችሁ ሱቅ ሂዱ። ከኩባንያው ጋር በየጊዜው የሚነጋገረው እሱ ነውና የእሱ ድጋፍ ከእናንተ ጩኸት አሥር እጥፍ ይሠራል። ከተከለከላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ የማይሰጥ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ደካማ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም ለጓደኞቼ ጠጋኞችና ሻጮች አንድ ቃል አለኝ። ቋንቋው የከበደውን፣ ዕድሜው የገፋውን ሰው ማመልከቻውን ሙሉለት። እናንተም ገዢዎች፣ አንዳችሁ የአንዳችሁን ማመልከቻ አንብቡ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገራችን ሰው፤ ሳይጠይቁ የሚገኝ ፍሬምም የለም። ስንጠይቅ ግን ስባሪውንና እውነቱን ይዘን እንጠይቅ፤ ሁለቱን ይዞ የቆመን ሰው ማንም ኩባንያ በቀላሉ አይመልሰውም።

 ስባሪ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ወደ ፊት ይምጣና አብረን እንመልከተው።